ስካውት ለሊስትሮው ልጅስ? ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጎንደር ከተማ የተላኩልን ናቸው። ሁሉም በስካውት፣ ማለትም ልጆች በትንንሽ ቡድን ሆነው በተግባር እየሠሩ በሚማሩበት እንቅስቃሴ፣ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ በአንድነት ማቅረቡን መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስም በፍላጎታቸው መሠረት አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹም ፍሬ ነገራቸው ሳይነካ አጥረው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ በማራኪ ክፍለ ከተማ የምኖር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በየዕለቱ በማልፍበት መንገድ ሊስትሮ የሚሠሩ፣ ቆሎና ማስቲካ የሚያዞሩ፣ በታክሲ ረዳትነት የሚውሉ ልጆች አያለሁ፤ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው ዘመድ ቤት የተጠጉም አሉባቸው። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ሆነን የስካውት ቡድን ልናቋቁምላቸው አስበናል። አባቴ በልጅነቱ ቦይ ስካውት እንደነበረ ሲያወራ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ገንዘብ የለንም፤ ያለን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እርስዎን ያስጨነቀዎት የገንዘቡ ጉዳይ ይመስላል፤ እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን «ያለን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው» የሚለው ቃልዎ ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ሸክም የሚገኘው፣ ማስቲካው የሚሸጠው፣ ረዳቱ የሚፈለገው ያን ዕለት ነው። እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ሰው ለብሶ ወደ ዘመድ ጥየቃና ወደ ሠርግ ቤት ስለሚወጣ የሊስትሮው ልጅ ሥራ ይበዛለታል። ለእርስዎ ዕረፍት የሆነው ቀን ለልጁ የሳምንቱ ዋና የእንጀራ ቀን ነው ማለት ነው። በመሆኑም ከማመልከቻውም ሆነ ከመተዳደሪያ ደንቡ አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ይኸውም ልጆቹ በሚውሉበት ቦታ እየተገኙ ጫማ እያስጠረጉ፣ ቆሎ እየገዙ፣ ሥራ የሚቀዘቅዝባቸውን ሰዓት ከራሳቸው አፍ መስማት ነው። ፀሐይ በምትበረታበት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ መንገዱ ጭር ስለሚል ምናልባት የእሑድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይስማማቸው ይሆናል፤ ሌላ ሰዓት ከነገሩዎት ግን የእነርሱ ይሁን። ሰዓቱ ከልጆቹ ሥራ ጋር ከተጋጨ የቀረው ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለ ታሪኩ አባትዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ስካውት በአገራችን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የነበረና የንጉሠ ነገሥቱም ድጋፍ ያልተለየው እንቅስቃሴ ሲሆን ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተቋርጧል። ዛሬ የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር በሚባለው አካል ይንቀሳቀሳል። ለእርስዎ ዓላማ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመነሻው ታሪክ ነው። የስካውት መሥራች የሆኑት እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሮበርት ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 ብራውንሲ በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆችን ለሙከራ ያሰፈሩት፣ ግማሾቹን ከታላላቅ የሀብታም ትምህርት ቤቶች፣ ግማሾቹን ደግሞ በአካባቢው ካሉ የሠራተኛ ቤተሰቦች ወስደው ነበር። በአራት ቡድን ከፍለው እነዚህን ልጆች ቀላቀሏቸው። ክፍያውም እንደ አቅም ሆነ፤ የባለጸጎቹ ልጆች አንድ ፓውንድ ሲከፍሉ ሌሎቹ የከፈሉት ሦስት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ፣ ማለትም የዚያን አምስተኛ እጅ እንኳ የማይሞላ ነበር። ስካውት ለድሃ ልጅ ኋላ የተጨመረ ምጽዋት አይደለም ብለን የምንከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የምንወስደው ምክር ሁለት ነው። አንደኛ፣ «የጎዳና ልጆች ስካውት» የሚባል ነገር አያቋቁሙ። እንዲህ ያለው ስም ልጁ ሊያራግፈው የሚፈልገውን መለያ በደረቱ ላይ መልሶ መለጠፍ ነው። የሠፈሩን ተማሪ፣ የሊስትሮውን ልጅና ተፈናቅሎ የመጣውን በአንድ ቡድን ቀላቅሉ። የተማሪው ወላጅ «ልጄ ባለጌ ይሆንብኛል» ብሎ መፍራቱ አይቀርም፤ ይህን ፍርሃት የሚያቃልለው ስብከት ሳይሆን ወላጁ ራሱ መጥቶ ጥግ ይዞ የሚሆነውን እንዲያይ መጋበዝ ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ልጅ እንደ አቅሙ አንድ ብርም ቢሆን ያዋጣ። ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ገንዘብ የሚያውቅ፣ ምናልባትም ዕቁብ የሚጥል ሰው ነው። የራሱ ገንዘብ ያለበትን ቡድን እንደ ራሱ ይቆጥረዋል፤ ሒሳቡንም ከእርስዎ በተሻለ ይጠብቀዋል።

ስለ አደረጃጀቱ፦ የስካውት አሠራር የቆመው ከ6 እስከ 8 ልጆች ባሉባትና ከመካከላቸው አንዱ በሚመራት ትንሽ ቡድን ላይ ነው። በዓለም ላይ ከ170 በላይ ብሔራዊ ማኅበራት ሲሠሩበት ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መቶ ልጅ ሰብስቦ መጀመር ለፎቶግራፍ ያማረ ቢሆንም በሦስተኛው ሳምንት ይበተናል፤ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 15 በሆኑ ልጆች በሁለት ቡድን ጀምራችሁ ለአንድ ዓመት ብትዘልቁ ይበልጣል። መሪውን ልጆቹ ይምረጡ። መምህር እንደመሆንዎ እጅዎ ወደ ጎበዙ ተማሪ መዘርጋቱ አይቀርምና ያቅቡት። በአንድ የመንገድ ጥግ አብረው የሚውሉ ልጆች ቦታ የሚከፋፈሉበት፣ የተጣላ የሚያስታርቁበት፣ የታመመ ጓደኛቸውን የሊስትሮ ሣጥን የሚጠብቁበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ይህን ሥርዓት ያቆመው ልጅ ፊደል ባይለይም መምራት የሚያውቅ ልጅ ነው። ቡድኑ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው እርሱ ከጓደኞቹ ጋር ተመካክሮ ይሁን፤ የአዋቂው ሥራ አደጋ እንዳይደርስ መጠበቅ፣ የሚጠየቀውን ማስተማርና ቃል የገባውን መፈጸም ነው።

ምን ይሠራሉ ለሚለው ጎንደር የጎደላት ነገር የለም። የሠፈር ካርታ በእጅ መሥራት ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ከማራኪ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ጃንተከል ዋርካ፣ ከዚያም ወደ ቁስቋም የሚወስደውን መንገድ በእርምጃ እየለኩ የውኃ ቦኖውን፣ ጤና ጣቢያውን፣ አደገኛውን መታጠፊያ፣ ክዳን የሌለውን የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ምልክት ያድርጉበት። በዚህ ሥራ ላይ ከተማውን በእግሩ የሚያውቀው ልጅ አስተማሪ፣ ከቤትና ከትምህርት ቤት ውጭ የማያውቀው ደግሞ ተማሪ ይሆናል፤ ፊደል የሚያውቀው ልጅ በበኩሉ የቦታዎቹን ስም ይጽፋል። ያለ አንዳች ንግግር ሁለቱ ይፈላለጋሉ። የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታም ለእነዚህ ልጆች የመዝናኛ ትምህርት አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚውል ልጅ ቁስልን በንጹሕ ውኃ ማጠብን፣ ደም ማቆምን፣ የተሰበረ እጅን ደግፎ ማሰርን ነገ ይፈልገዋል። ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ተቋም በመሆኑ አሠልጣኝ እንዲሰጣችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የጤና ተማሪዎቹን በኅብረተሰቡ መካከል አሠማርቶ የማስተማር የቆየ ልማድ አለው። የገመድ ቋጠሮ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ማብሰል፣ ዛፍ መለየት፣ የፋሲል ግቢን አብያተ መንግሥታት ዞሮ ማየትና ለታናናሾች ማስረዳት፣ ሁሉም ወጪያቸው ቀላል ነው። ብዙ የጎንደር ልጅ ቱሪስት ሲገባ እያየ ያደገበትን ግቢ ውስጡን ሳያይ እንደሚኖር ማን አስተዋለ?

ድንኳንና ጫካን በሚመለከት ግን ጥብቅ እንሁን። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ልጆችን ይዞ ከከተማ ወጥቶ ማደር አይገባም፤ ሰሜን ተራሮች ለጊዜው ይቆዩ። በትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል ግቢ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውሉበት የቀን ካምፕ የሚያስተምረው አያንስም። መንገድ የተዘጋ ወይም ተኩስ የተሰማ ዕለት ስብሰባው መቅረቱን ሁሉም አስቀድሞ ይወቅ፤ ልጆቹ ለመጠራራት ስልክ ላይኖራቸው ስለሚችል «እንዲህ ከሆነ አንመጣም» የሚለው ስምምነት ከመጀመሪያው ቀን የተነገረ መሆን አለበት።

ስለ ምግብና ስጦታ ደግሞ ያለንን አስተያየት ሳንሸሽግ እንናገራለን። በስብሰባው ላይ አንድ ላይ የሚበላ ነገር ይኑር፤ ቆሎ፣ ዳቦ ወይም በሶ ጾመኛውንም ሙስሊሙንም ያስማማል፤ በረመዳን ጊዜ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ማስጠጋት ይቻላል። ልብስ፣ ጫማና ገንዘብ ማደል ግን አይጀመር። አንድ ጊዜ ከታደለ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ለቡድኑ ሳይሆን ለዕደላው ነው፤ ያልደረሰው ይቀየማል፤ እናንተም በጎ ፈቃደኝነታችሁ ቀርቶ ዕቃ አከፋፋይ ትሆናላችሁ። ችግሩ የጠና ልጅ ሲያጋጥም ጉዳዩን በግል፣ ከቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጋር መጨረስ ይሻላል።

የቀረው የልጆቹ ደኅንነት ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በአሜሪካ የወንዶች ስካውት ድርጅት ውስጥ በአዋቂ መሪዎች የተፈጸመው የልጆች ጥቃት ለዓመታት ተሸፋፍኖ ቆይቶ በመጨረሻ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ፣ ከ80,000 በላይ ሰዎች የካሳ ጥያቄ አቅርበው፣ ካሳውም ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲሆን ተወስኗል። ይህን የምናነሣው ስካውትን ለማጣጣል ሳይሆን «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚለው መልስ እንዳይሰጠን ነው። ጠያቂ ወላጅ የሌለው፣ ዘመድ ቤት የተጠጋ ወይም ውጭ የሚያድር ልጅ ለክፉ ሰው ከማንም ይልቅ የተጋለጠ ነው። በየትኛውም ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፤ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ቦታ ብቻውን አይሁን፤ ወደ ቤቱም ይዞ አይሂድ። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ የሚያውቁት ሁለት የሠፈር ሰዎች ይመስክሩለት፤ ለጥቂት ወራትም ከነባሮቹ ጋር እየታየ ይሥራ። በትር እንደማይነሣ አስቀድሞ ይነገር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በሚያድጉባቸው ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ልጅ ጥቃት እንደደረሰበት ከተናገረ «እናጣራ» ብሎ በሽማግሌ መያዝ ቀርቶ ነገሩ በዚያው ቀን ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይድረስ። የልጆቹን ፊት በፌስቡክና በቲክቶክ መለጠፍም ይቅር፤ የእኛን ቸርነት ለማሳየት የእነርሱ ድህነት ለዓለም መታየት የለበትም።

ስለ ሕጋዊነቱ ባጭሩ፦ የስካውት ስምና ዓርማ የተጠበቀ ስለሆነ በስሙ ለመጠራት ከኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር ጋር መጻጻፍና መመዝገብ ያስፈልጋል። መልሱ እስኪመጣ በሠፈር የልጆች ቡድንነት ቀበሌው እያወቃችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ራሳችሁን ችላችሁ ድርጅት ለመሆን ካሰባችሁ የሚመለከታችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ለዚህ መቻኮል አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በአራዳ ክፍለ ከተማ የአንድ እድር ዳኛ ነኝ። ወጣቶች መጥተው ለስካውት የእድሩን አዳራሽና ድንኳን እንድንፈቅድላቸው ጠይቀውናል። ከአባላቱ መካከል «ይህ ውትድርና ነው፤ ልጆቻችንን ለጦር የሚያዘጋጅ ነው» ያሉ አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የእድር ንብረት ለሐዘን እንጂ ለጨዋታ አይደለም ይላሉ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የአባላቱ ጥርጣሬ ከባዶ የመነጨ አይደለም። መሥራቹ ጄኔራል ነበሩ፤ ስማቸውም የገነነው በደቡብ አፍሪካው ጦርነት ማፈኪንግ የተባለችውን ከተማ ከበባ በመመከታቸው ነው። በዚያ ከበባ ወቅት ልጆች መልእክት በማድረስ ያሳዩት ብቃት ለኋላው ሐሳብ አንዱ መነሻ እንደሆነም ይነገራል። የደንብ ልብሱ፣ ሰላምታው፣ ሰልፉ የዚያ ቅሪት ነው። ነገር ግን ስካውት የጦር መሣሪያ ሥልጠና አይሰጥም፣ የየትኛውም መንግሥት ወይም ፓርቲ ክንፍም አይደለም፤ የልጆቹም ቃል ኪዳን ለፈጣሪ፣ ለሰውና ለራስ ያለን ኃላፊነት የሚመለከት ነው።

ይህን ማስረዳቱ ብቻ ግን በዛሬው ጎንደር አይበቃም፤ አሠራሩም መስተካከል አለበት ብለን እናምናለን። ካኪና የወታደር ልብስ የሚመስል ቀለም አይለበስ። ፉጨት፣ የእግር ሰልፍና የማታ ጉዞ ይቅር። የቡድኑ መዝገብ፣ የልጆቹ ስም ዝርዝርና የስብሰባው ቦታ ለቀበሌውም ለወላጆችም የታወቀ ይሁን። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግራችሁ ምናልባት ግብዣው ይሆናል፦ ስካርፍ ያሰሩ ሥርዓት ያላቸው ልጆች ሲታዩ ለየበዓሉና ለየስብሰባው ሰንደቅ እንዲይዙ፣ መንገድ ዳር እንዲቆሙ የሚጠራቸው ይበዛል። ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደውን መንገድ ቢያጸዱ ወይም በጥምቀት ዕለት ለደከሙ አረጋውያን ውኃ ቢያቀብሉ ደግ ነው፤ ሙስሊሙ ልጅ በጓደኛው በዓል፣ ክርስቲያኑም በዒድ ዕለት እንዲሁ ያግዛል። የፖለቲካ መልክ ላለው ሰልፍ ሲጠሩ ግን፣ የጠራው ማንም ይሁን ማን፣ «ልጆች ናቸው» ብሎ እምቢ የሚል ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል። ለወጣት በጎ ፈቃደኞች እንዲህ ያለውን እምቢታ መናገር ይከብዳቸዋል፤ የእድር ዳኛ ግን ይችላል። ከድንኳኑም ከአዳራሹም ይልቅ ከእናንተ የሚፈለገው ይህ ነው እንላለን።

ንብረቱን በተመለከተ የአባላት ጉባኤ ወስኖ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። አዳራሹ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ሊፈቀድ ይችላል፤ ሐዘን በገባ ጊዜ ግን ቅድሚያ ለሐዘንተኛው እንደሆነ ይጻፍ። እንዲያውም በዚያን ዕለት ስካውቶቹ ወንበር በመደርደርና ውኃ በማቅረብ ቢያግዙ «ለጨዋታ ነው» ላሉት አባላት ከእኛ መልስ የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ዘንድ የምታድግ የ13 ዓመት የእህቴ ልጅ አለች። ቤት ውስጥ ታግዘኛለች፤ ትምህርትም የማታ ነው የምትማረው። የስካውት ቡድን ልግባ ብላ ለመነችኝ። ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር መዋሏ፣ ማታ መምጣቷም ያሳስበኛል። እንዴት ታዩታላችሁ? (አንዲት እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅቱ ለምና መጠየቋን ራሱን እንደ መልካም ዜና ይውሰዱት፤ ብዙ ልጃገረዶች የሚፈልጉትን ለመናገር እንኳ ድፍረቱ የላቸውም። እንቅስቃሴው ሲጀመር ለወንዶች ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ በተደረገው ትልቅ ስብሰባ ላይ ግን ማንም ሳይጠራቸው የስካውት ባርኔጣ አጥልቀው የመጡ ልጃገረዶች «እኛም ስካውት ነን» በማለታቸው በዓመቱ የሴቶቹ ማኅበር በቤደን ፓወል እህት በአግነስ መሪነት ተቋቋመ። ስለዚህ ሴቶቹ በልመና ሳይሆን በራሳቸው እግር የገቡበት ነው።

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ መፍትሔ የሌለው ግን አይደለም። ከመፍቀድዎ በፊት ሄደው ይዩ፤ ሴት በጎ ፈቃደኛ መኖሯን፣ የሴቶቹ ቡድን ለብቻው የራሱ መሪ እንዳለው፣ መጸዳጃው የተለየና የሚዘጋ መሆኑን ይጠይቁ። ሴት አዋቂ በሌለችበት ቀን ልጅቱ እንደማትቆይ ይስማሙ። ስብሰባው በፀሐይ አልቆ ከሠፈሯ ልጆች ጋር ተያይዘው እንዲመለሱ ይደረግ። ይህን መጠየቅዎ የሚያስቀይመው ቡድን ከሆነ እኛም አይላኳት እንላለን።

አንድ ነገር ግን በትሕትና እንጨምራለን። የ13 ዓመት ልጅ ቀኑን በቤት ሥራ፣ ማታውን በትምህርት የምታሳልፍ ከሆነ በሳምንት የራሷ የምትለው ሁለት ሰዓት እንኳ ላይኖራት ይችላል። ጎንደር ውስጥ ከሊስትሮው ልጅ ይልቅ የማትታየው እርሷ ናት፤ እርሱን መንገድ ላይ ሁላችንም እናየዋለን፣ እርሷ ግን በር ዘግታ ትሠራለች። በጎ ፈቃደኞቹም ይህን ቢያነቡ መልካም ነው፦ ልጃገረዶችን የሚፈልጉ ከሆነ በጎዳና ሳይሆን በማታ ትምህርት ቤቶችና በእናቶች ዕቁብ በኩል ይፈልጓቸው፤ ፈቃዱም የሚገኘው ከአሳዳጊዋ ጋር ቡና እየጠጡ በመነጋገር ነው። ለእርስዎም ቢሆን ሁለቱን ሰዓት ከቤት ሥራው ላይ መቀነስ እንጂ ከእንቅልፏ ላይ መውሰድ እንደማይሻል እርግጠኞች ነን።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በበጎ ፈቃደኝነት ስካውት ለመምራት ተመዝግቤያለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ዓመት እመረቃለሁ። አበል አለመኖሩም አንዳንድ ጓደኞቼን አስቀርቷቸዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ መሪ አይሁኑ፤ ረዳት ይሁኑ። ብዙ ሰው ጥሎት የሄደ ልጅ አንድ ተጨማሪ ሰው ሊሄድበት አይገባም። ዋናውን ኃላፊነት እዚያው ሠፈር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች፣ ጡረተኛ መምህር፣ ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ የታክሲ ሹፌር፣ ቢይዙት ከምረቃም ከክረምትም ጋር አይቋረጥም። እርስዎ የሚያውቁትን፣ ካርታ ንባብ ቢሆን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ፣ ለተወሰነ ሳምንት አስተምረው የሚሄዱበትንም ቀን ለልጆቹ ገና ሲጀምሩ ይንገሯቸው።

ስለ አበል፦ በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ፈቃደኛ ወላጅ በማይገኝባቸው ድሃ ሠፈሮች ስካውት ለመክፈት መሪዎችን በክፍያ እስከ መቅጠር ተደርሶ ነበር። ክፍያው በሩን ይከፍታል፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡ በቆመ ቀን በሩም እንዳይዘጋ ዋስትና የለውም። እኛ የምንመርጠው አበል ሳይከፈል፣ ነገር ግን ማንም ከኪሱ እንዳይከስር የታክሲና የወረቀት ወጪውን በደረሰኝ መተካት ነው። ሒሳቡም በየወሩ ልጆቹ ባሉበት ይነበብ። ፈቃደኞችም «እስከ መቼ» ብለው እንዳይሰለቹ የአንድ ዓመት ቃል ይግቡ፤ ዓመቱ ሲያልቅ የመቀጠልም የመሰናበትም መብት ይኑራቸው።

ጥያቄ፦ ዩኒፎርም የት ይገኛል? ዋጋውስ ስንት ነው?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልጋችሁም። ልጆቹ መለያ ከፈለጉ አንገት ላይ የሚታሰር ስካርፍ ይበቃል፤ ከመርካቶ ማዘዝም አያሻም፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ በሜትር ተገዝቶ በሦስት ማዕዘን ቢቆረጥና የሠፈር ልብስ ሰፊ ጠርዙን ቢዘመዝመው ያልቃል። ቀለሙን ልጆቹ ይምረጡ፤ የፓርቲ ወይም የታጣቂ መለያ እንዳይመስል ብቻ አዋቂዎቹ ይዩት። ዋጋው ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ አንጽፍም፤ ጨርቁን ከመግዛታችሁ በፊት ከልጆቹ ሁለቱን ይዛችሁ ቅዳሜ ገበያ ብትወርዱ ከእናንተ በተሻለ ይከራከሩላችኋል።